ግራፋይቱን ላዩን አይታችሁ አትመኑት

በጋዝ የሚቀዘቅዙ የኒውክሌር ሪአክተሮች ላይ መሥራት ለምትፈልጉ ልጆቼ ነው ይህን የምጽፈው። ዕድሜዬን የፈጀሁት ግራፋይት ላይ ነው፤ ይኸውም ኒውትሮን የሚባሉትን የአቶም ቅንጣቶች ለማዘግየት ሪአክተሩ ውስጥ የሚደረደር የካርቦን ዓይነት ነው። ወጣቶች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ግራፋይት ይነዳል ወይስ አይነድም?» ብለው ነው። በስንት ዲግሪ? ምን ጋዝ ውስጥ? ለስንት ሰዓት? እነዚህ ካልተነገሩ «ይነዳል» የሚለውንም «አይነድም» የሚለውንም አትስሙ።

ለሪአክተር የሚሠራ ግራፋይት በጣም የጠራ ነው። አየር ውስጥ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይህ ነው የሚባል ጉዳት አይደርስበትም። ወደ 900 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲግል ደግሞ ኦክስጅኑ ገና ላዩን እንደነካ ያልቃል። የሚበላው ከውጭ ስለሆነ ሲሳሳ በዓይን ይታያል። 500 ዲግሪ አካባቢ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ምላሹ ዝግ ይላል፤ ኦክስጅኑም በጥቃቅን ቀዳዳዎች ሰርጎ ለመግባት ጊዜ ያገኛል። ውስጥ ውስጡን ይቦረቡረዋል።

ላብራቶሪ ካላችሁ ራሳችሁ ሞክሩት። ትንሽ የግራፋይት ሲሊንደር መዝኑ፤ ውፍረቱን በካሊፐር ለኩ። አየር በሚያልፍበት ምድጃ ውስጥ 550 ዲግሪ ላይ ለረጅም ሰዓት አቆዩት። ስታወጡት ውፍረቱ ያው ነው ማለት ይቻላል። ሚዛን ላይ ግን ቀሏል። ከዚያ መጭመቂያ ማሽን ውስጥ አስገብታችሁ ስበሩት። ከክብደቱ 10 በመቶ ብቻ ያጣ ግራፋይት ጥንካሬው ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ሰው ሁሉ ትልቁን ሙቀት ይፈራል፤ እኔ የምፈራው መካከለኛውን ነው።

የዊንድስኬልን የሪአክተር ቃጠሎ ታሪክ ደግሞ በደንብ አጥኑ። እንግሊዝ ውስጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1957። ሪአክተሩ የሚቀዘቅዘው በተራ አየር ነበር። ኒውትሮን የካርቦን አቶሞችን ከቦታቸው ሲያፈናቅል ግራፋይቱ ውስጥ ጉልበት ይጠራቀማል። ያንን ለማስለቀቅ ሠራተኞቹ ሪአክተሩን ሆን ብለው ያሞቁት ነበር። የሙቀት መለኪያዎቹ ግን የተተከሉት በዘወትር ሥራ ጊዜ ይበልጥ የሚግለው ቦታ ላይ ነው፤ በዚያን ዕለት የጋለው ሌላ ቦታ ነበር። መለኪያው ሙቀቱ እየወረደ ነው ሲላቸው እንደገና አሞቁት። ኦክቶበር 10 ከፍተው ሲያዩ ነዳጁ ቀልቶ ፍም መስሏል። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ቶም ቱሂ ሪአክተሩ አናት ላይ እየወጣ እሳቱን በዓይኑ ይከታተል ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቀቁበት፣ አልሆነም። በማግስቱ ውኃ አፈሰሱበት፤ የአየሩ መንገድም ሲዘጋ እሳቱ ጠፋ። 500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሚያህል አካባቢ ወተት ተከለከለ። ነዳጁ የሆነው ዩራኒየምም ስለነደደ ጥፋቱን ሁሉ ግራፋይቱ ላይ መጫን ግን ልክ አይደለም።

በኋላ የመጡት የእንግሊዝ ሪአክተሮች አየሩን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተኩ። እሱም ቢሆን በጨረር ሲመታ ግራፋይትን የሚበሉ ነገሮች ይወጡታል። ይህን ለመግታት በሁለተኛው ትውልድ ሪአክተሮች ጋዙ ላይ ሚቴን ይጨመራል። ከበዛ ደግሞ ነዳጁ ላይ ጥላሸት ይጋግራል፤ ስለዚህ ልኩን መጠበቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ቻይና ሺዳኦ ቤይ ላይ ያለው ዓይነት አዲሱ ትውልድ የሚጠቀመው ሂሊየም ነው። ሂሊየም ግራፋይትን አይነካም። እዚያ ልትከታተሉት የሚገባው ቧንቧ ቢሰበር የሚገባውን አየርና ከእንፋሎት ማመንጫው ሊያፈተልክ የሚችለውን ውኃ ነው።

ናሙና ስትመረምሩ እባካችሁ ጠቅላላ ክብደቱን ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ። ቁረጡት። ከላዩ እስከ መሃሉ እፍጋቱን ደረጃ በደረጃ ለኩ። ሪፖርቱ ላይም ሙቀቱን፣ የጋዙን ዓይነትና ናሙናው የተወሰደበትን ቦታ ከቁጥሩ ጎን አስፍሩ።