ቲማቲማችሁን ያጠቆረው የውሃው ተራ ነው

ጥያቄ፦ በአንድ ግቢ ውስጥ የየራሳችንን መደብ ይዘን አትክልት የምናለማ ጎረቤታሞች ነን። የብዙዎቻችን ቲማቲም ፍሬው ከታች እየጠቆረ ይበላሽብናል። መድኃኒት ረጨን፣ ዩሪያም ጨመርን፤ ለውጥ የለም። ውሃ የምናጠጣው በተራ ስለሆነ የውሃ ችግር የለብንም። በሽታው ከአንድ ሰው መደብ ተነስቶ ነው የተዛመተው በሚል ቅሬታ ተፈጥሯል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ በፊት ያንን ሰው ተዉት። የገለጹልኝ ነገር ከመደብ ወደ መደብ አይተላለፍም።

ስለ ቅጠሉ አንድም ነገር አልጻፉም። ምች (ቅጠልንና ፍሬን የሚያቃጥለው ተላላፊ የተክል በሽታ) ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚያነሱት የቅጠሉን መቃጠል ነበር። ስለዚህ ቅጠሉ ደህና ነው፣ የጠቆረውም አበባው የነበረበት የፍሬው ጫፍ ነው ብዬ እነሳለሁ። ጥቁሩ ቦታ ጠፍጣፋ፣ ደረቅና እንደ ቆዳ የጠነከረ ከሆነ ነገሩ የፍሬ ጫፍ መበስበስ ነው። ጀርም አያመጣውም። ፍሬው ገና ትንሽ ሳለ ካልሲየም ስላጠረው የሚመጣ ጉዳት ነው።

ካልሲየም አነሰ ማለት ግን አፈሩ ውስጥ የለም ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ አለ። ወደ ተክሉ የሚገባውና ወደ ላይ የሚወጣው ከውሃ ጋር ነው። ቅጠል ብዙ ውሃ ስለሚያተን አብዛኛውን እሱ ይወስደዋል፤ ለፍሬ የሚተርፈው ጥቂት ነው። አፈሩ ለጥቂት ቀናት ሲደርቅ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው የፍሬው ጫፍ ነው።

እዚህ ላይ ነው «በተራ» ያሉት ነገር ዓይኔ ውስጥ የገባው። አንዱ ባለተራ መደቦቹን ሁሉ ያጥለቀልቃል። ሌላው ላይ ላዩን አርከፍክፎ ይሄዳል። ሦስተኛው ሥራ በዝቶበት ሁለት ቀን ይዘገያል። ሁሉም በቅን ልቦና ነው የሚያደርገው፤ ተክሉ ግን አንዴ ይጥለቀለቃል፣ አንዴ ይጠማል። እኔ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

መፍትሔው ጉዝጓዝ ነው። ገለባ፣ የደረቀ ሣር ወይም የረገፈ ቅጠል ሰብስቡ። ዘር ያፈራ አረም ግን አይግባበት፤ በኋላ መከራ ይሆንባችኋል። መጀመሪያ መደቡን በደንብ አጠጡ። ደረቅ አፈር ላይ የተጎዘጎዘ ጉዝጓዝ ድርቁን ነው የሚጠብቀው። ከዚያ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ በሥሩ ዙሪያ ዘርጉት። ግንዱን ግን አያስነኩት፤ ጥቂት ጣት ያህል ክፍተት ተዉለት፣ አለዚያ ግንዱ ይበሰብሳል። እየሳሳ ሲሄድ ጨምሩበት። አንዱ ባለተራ ቢዘገይ እንኳ ከሥሩ ያለው እርጥበት በቶሎ አያልቅም።

ተራው ይቀጥል፣ ግን አንድ ደንብ ይኑራችሁ። ባለተራው ጉዝጓዙን ገለጥ አድርጎ ጣቱን ወደ አፈሩ ያስገባ። እርጥብ ከሆነ ይለፈው። ከደረቀ በጠዋት፣ ከሥሩ፣ ቀስ እያለ ውሃው ጠልቆ እስኪገባ ያጠጣ። በየምሽቱ ቅጠሉን ማርከፍከፍ ሥሩን አያረካም፤ አድሮ እርጥብ የሚሆነው ቅጠልም እውነተኛውን ምች ይጋብዛል።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። ፍሬ ሲጠቁር ተክሉን ሳያዩ ወደ መርጫ መሮጥ ብዙ ቦታ የማየው ልማድ ነው፣ በጣምም ያሳስበኛል። ፀረ-ፈንገስ ፈንገስ በሌለበት ምንም አያደርግም። ያለ ምክንያት የምትረጩት ኬሚካል ልጆቻችሁ በሚሮጡበት ግቢ ውስጥ ነው የሚቀረው። ዩሪያውንም አቁሙት። ቅጠሉን ያፋፋዋል፤ የፋፋው ቅጠል ደግሞ ውሃውንም ካልሲየሙንም ከፍሬው ይሻማል። የእንቁላል ቅርፊት ቅበሩ የሚሏችሁ ይኖራሉ። ቅርፊት ለመበስበስ ረጅም ጊዜ ስለሚፈልግ ለአሁኑ ፍሬ አይደርስም።

ስትኮተኩቱም ከግንዱ አጠገብ በጥልቀት አትቆፍሩ። የተቆረጠ ሥር ውሃ አይስብም።

የጠቆሩት ፍሬዎች አይድኑም፤ ልቀሟቸውና ተክሉ ጉልበቱን ለአዲሶቹ ያውል። ውጤቱን የምታዩት ከጉዝጓዙ በኋላ በሚይዙት ፍሬዎች ላይ ስለሆነ ሁለት ሦስት ሳምንት ታገሱ። ከዚያ በኋላም አዲሶቹ ከጠቆሩ፣ ወይም ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ቡናማ ነጠብጣብ ካያችሁ፣ የፍሬውንና የቅጠሉን ፎቶ አብራችሁ ላኩልኝ። ያኔ የአፈሩን አሲዳማነት እንመረምራለን፣ ወይም ስለ ምች እንነጋገራለን።