መልስ፦ ደመወዝን ከወር ወደ 15 ቀን ስለመቀየር
ወንድሜ፣ የሳቢያን ዳቦ ቤትህን ሠራተኞች በየ15 ቀኑ እንዲከፈላቸው ፔሮሉን (የደመወዝ ሶፍትዌሩን) እንዴት ልቀይር ላልከው፦ መጀመሪያ የተጀመረውን ወር ዝጋ፤ በመሃል ከቀየርከው ቀናት ይዘለላሉ ወይም ሁለቴ ይከፈላሉ። ከዚያ አዲስ የክፍያ ጊዜ ክፈትና ሠራተኞቹን ከቀጣዩ ወር 1 ጀምረህ ወደዚያ አዛውር። የድሮውን አታጥፋው፣ መዝገቡ ያስፈልግሃል።

ዋናው ጣጣ ግብሩ ነው። የእኛ ሠንጠረዥ ወርኃዊ ነው። በ2017ቱ የገቢ ግብር ማሻሻያ 8000 ብር የወር ደመወዝ 1150 ብር ይቆረጥበታል። ሶፍትዌሩ ያንኑ ሠንጠረዥ በእያንዳንዱ 4000 ላይ ከጫነው ግን 300 እና 300፣ በድምሩ 600 ብቻ ይይዛል፤ ነፃውና ዝቅተኛው እርከን ሁለቴ ይሠራላ! የጎደለው 550 ዞሮ አንተው ላይ ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ግማሽ ቅድመ ክፍያ ብለህ መዝግበው፤ ግብሩንና የሠራተኛውን 7 በመቶ ጡረታ ወር መጨረሻ ላይ በሙሉ ደመወዙ አስላ።