የድሮ እስር፣ የፍርድ ቤት ወረቀትና ሲትዝንሺፕ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ስለ እስርና ስለ ወንጀል ሪከርድ ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። አብዛኛው የመጣው ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ አንባቢዎቻችን ነው። ሦስቱን መርጠናል፤ የመጀመሪያው ብዙ ሰው ስለሚነካ እሱ ላይ ረዘም እንላለን።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። በ2014 ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ቤት ከምጋራው ሰው ጋር ተጣልቼ ፖሊስ በካቴና ወስዶኝ ነበር። አንድ ሌሊት አድሬ ወጣሁ፣ በኋላም ክሱ ተዘጋ። አሁን ለሲትዝንሺፕ ላመለክት ነው። ጓደኞቼ “ከተዘጋ ምን አስጨነቀህ፣ ዝም በል” ይሉኛል። ሌላው ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ሪከርድህን አውጣ ይላል። ኢንተርኔት ላይ በክፍያ እናወጣለን የሚሉም አሉ። የቱን ልመን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኞችህ ላንተ አስበው ነው የሚናገሩት፤ ይህን ምክራቸውን ግን እባክህ አትስማ። የሲትዝንሺፕ ማመልከቻው፣ ማለትም ኤን-400፣ የሚጠይቀው ተፈርዶብህ እንደሆነ ብቻ አይደለም። መቼም ቢሆን ተይዘህ ወይም ታስረህ ታውቃለህ ወይ ይልሃል። ክሱ ቢሰረዝም፣ ሪከርዱ ቢታሸግም፣ “ምንም ሪከርድ የለህም” ተብለህ የነበረ ቢሆንም መልስህ “አዎ” ነው። አሻራህን ስትሰጥ ደግሞ ወደ ኤፍቢአይ ይሄዳል። ስለዚህ የኢሚግሬሽን ኦፊሰሩ ለቃለ መጠይቅ ፊትህ ሲቀመጥ የ2014ቱን ነገር ቀድሞ አውቆት ሊሆን ይችላል። የተዘጋ ክስ ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ በመሐላ የተነገረ ውሸት ግን ራሱን የቻለ ችግር ይሆንብሃል።

አሁን ወረቀቱ የት ነው? ፖሊስ የሚያውቀው ለምን እንደያዘህ ነው። ነገሩ እንዴት እንዳለቀ የሚያውቀው ፍርድ ቤቱ ነው፤ ኢሚግሬሽን የሚፈልገውም መጨረሻውን ነው። ስለዚህ መሄድ ያለብህ ፖሊስ ጣቢያ ሳይሆን ክሱ የታየበት ፍርድ ቤት፣ የክለርኩ መስኮት ጋ ነው።

ከመሄድህ በፊት የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ኬዝ ሰርች የሚባለውን ነፃ መፈለጊያ ሞክር። የኬዝ ቁጥርህን ካገኘህ ጽፈህ ያዝ፣ መስኮቱ ላይ ነገሩን ያቀልልሃል። ስምህን ፖሊሱ በዚያ ሌሊት በጻፈበት መንገድ ሁሉ ፈልግ፤ የአባትህ ስም እንደ መጀመሪያ ስም ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ፊደል ተጨምሮም ሊሆን ይችላል። ካጣኸው ግን ፋይሉ የለም ብለህ አትደምድም። ያለ ጥፋተኝነት የተዘጉ ክሶች ኢንተርኔቱ ላይ ሳይታዩ ፍርድ ቤቱ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። መታወቂያህን፣ የተያዝክበትን ቀንና የልደት ቀንህን ይዘህ ሂድ። በካውንቲው ውስጥ ዲስትሪክት ኮርት ሮክቪልም ሲልቨር ስፕሪንግም አለ። ከባድ ክስ ከነበረ ወይም ጁሪ ተጠይቆ ከነበረ ደግሞ ፋይሉ ሮክቪል ያለው ሰርኪዩት ኮርት ሊሆን ይችላል።

መስኮቱ ላይ “ሰርቲፋይድ ዲስፖዚሽን” በል፤ ክሱ እንዴት እንዳለቀ ፍርድ ቤቱ አረጋግጦ የሚሰጠው ወረቀት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ “ትሩ ቴስት ኮፒ” ሲሉም ትሰማለህ። ዋናው ነገር የፍርድ ቤቱ ማኅተምና ፊርማ ያለበት መሆኑ ነው፤ ከኢንተርኔት ያተምከው ገጽ አይበቃም። ከአንድ በላይ ኮፒ ውሰድ። አንዱን ትልካለህ፣ አንዱን ለቃለ መጠይቁ ትይዛለህ፣ አንዱ ደግሞ ቤት ይቀመጣል።

ወረቀቱን ስትቀበል እዚያው ቆመህ አንብበው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታልና። በእያንዳንዱ ክስ ፊት ለፊት ውጤቱ ተጽፏል። “ኖሌ ፕሮሴኪ” ካለ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ትቶታል። “ስቴት ዶኬት” (stet docket) ካለ ክሱ ተንጠልጥሎ ነው የተቀመጠው። “ፕሮቤሽን ቢፎር ጀጅመንት”፣ በአጭሩ ፒ.ቢ.ጄ. ካለ ግን እባክህ ቁም። በሜሪላንድ ሕግ ይህ ጥፋተኝነት አይደለም፤ ዳኛውም ጠበቃህም በጊዜው “ሪከርድ አይሆንብህም” ብለውህ ይሆናል። የኢሚግሬሽን ሕግ የራሱ መለኪያ አለው። ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ዳኛው ፕሮቤሽን የሰጠህ ከሆነ እንደ ጥፋተኝነት ሊቆጥረው ይችላል። ይህ ነገር ለማመልከቻው ብቻ ሳይሆን ለግሪን ካርድህም ሊያሰጋ ስለሚችል ፎርሙን ከመላክህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ወረቀቱን ይየው። ለጠበቃ የሚከፈል ገንዘብ ካጠረህ ዋሽንግተን አካባቢ እንደ ካቶሊክ ቻሪቲስና አዩዳ ያሉ ድርጅቶች በአነስተኛ ክፍያ ይረዳሉ።

ሌላው የሚያሳስበኝ፣ ሰዎች ሲትዝንሺፕ ሊያመለክቱ ሲሉ መጀመሪያ ሪከርዴን ላስጠፋ ብለው መሮጣቸው ነው። ማስጠፋቱ ለሥራና ለቤት ኪራይ ይጠቅማል። ኢሚግሬሽን ግን ያኔም ስለ እስሩ ይጠይቅሃል፣ ወረቀቱ ደግሞ ጠፍቷል። ስለዚህ አስቀድመህ ማኅተም ያለበትን ኮፒ አውጣ። ሜሪላንድ ውስጥ ከኦክቶበር 1፣ 2021 ወዲህ የተከፈቱና ሁሉም ክሶች የተሰረዙባቸው ፋይሎች ከ3 ዓመት በኋላ ሰውየው ሳይጠይቅ እንዲጠፉ ሕግ አለ። ያንተ ከዚያ በፊት ነው፤ የቅርብ ጊዜ ጉዳይ ያላችሁ ግን አትዘግዩ።

ቨርጂኒያ ላላችሁም እንዲሁ። የጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ቀላል የወንጀል ፋይሎች ለ10 ዓመት ነው የሚቀመጡት። ፋይሉ ተወግዷል ከተባላችሁ ባዶ እጃችሁን አትመለሱ። ክለርኩ ተፈልጎ እንዳልተገኘ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፤ ለኢሚግሬሽን የምታቀርቡት እሱን ነው።

የፖሊሱን ሪፖርት ጠበቃህ ከፈለገው ለፖሊስ መምሪያው በጽሑፍ ትጠይቃለህ። ብዙ ሰው የፌዴራሉን የመረጃ ነፃነት ሕግ ይጠቅሳል፤ እሱ ለካውንቲ ፖሊስ አይሠራም። ሜሪላንድ የራሷ የመረጃ ሕግ አላት፣ ለመፈለጊያ የመጀመሪያዎቹን 2 ሰዓታት አያስከፍልም።

እነዚያ በክፍያ እናወጣለን የሚሉትን እለፋቸው። ስምህን ስትጽፍ “እየፈለግን ነው” የሚል መስመር ቀስ እያለ ይሞላል፣ “ሪከርድ ተገኘ” ይልሃል፣ ከዚያ የካርድ ቁጥር ይጠይቃል። የሚሸጡልህ የተለቃቀመ መረጃ ነው፣ ማኅተም የለውም። አንዳንዶቹ በየወሩ ከካርድህ ገንዘብ መቁረጣቸውን ይቀጥላሉ።

ጥያቄ፦ ሥራ አግኝቼ ባክግራውንድ ቼክ ላይ የማላውቀው የስርቆት ጉዳይ ወጣብኝ። በሕይወቴ ታስሬ አላውቅም። በስሜ ያለች ሌላ ሴት ትመስለኛለች። (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ እህቴ፣ በጣም ያናድዳል፤ ግን መፍትሔ አለው። ባክግራውንድ ቼክ የሚሠሩት ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት በስምና በልደት ቀን ነው። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባታችንን ስም ነው የምንጠቀመው፣ ተመሳሳይ ስም ያለው ሰው ብዙ ነው። በስደት የመጣ ብዙ ወገናችን የልደት ቀኑ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። ስምና ልደት አንድ ላይ የገጠሙለት ኮምፒውተር ሁለት ሰው መሆናችሁን አያውቅም።

ቀጣሪው በዚህ ምክንያት ሊከለክልሽ ካሰበ፣ ከመወሰኑ በፊት የሪፖርቱን ኮፒና የመብትሽን ማብራሪያ ሊሰጥሽ የፌዴራል ሕግ ያስገድደዋል። ኮፒውን ጠይቂ። ከዚያ ሪፖርቱን ላወጣው ድርጅት ስህተት መሆኑን በጽሑፍ አሳውቂ፤ በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ ማረም አለበት። ለቀጣሪሽም ዛሬውኑ ኢሜይል ጻፊ፣ ቦታውን ለሌላ ሰው እንዳይሰጠው።

ጠንካራ ማስረጃ ከፈለግሽ የኤፍቢአይን የግል ሪከርድ ማጠቃለያ አውጪ። የሚሠራው በስም ሳይሆን በአሻራ ስለሆነ ከማንም ጋር አያምታታሽም። ክፍያው 18 ዶላር ነው፣ አሻራ የሚያነሱ ፖስታ ቤቶችም አሉ፣ ለማንሻው ለብቻ ይከፈላል። አገር ቤት ከፌዴራል ፖሊስ የምናወጣውን ከወንጀል ነፃ ማስረጃ የሚተካው እዚህ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ልጄን ትናንት ማታ ፖሊስ ያዘው። ስልኩ አይነሳም። የት እንዳለ እንዴት ላውቅ? እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። (እናት፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እማማ፣ አይዞዎት። ይህን በኢሜይል ወዲያው መልሰንልዎታል፤ ለሌሎችም እንዲጠቅም እዚህ እናወጣዋለን። ሜሪላንድ ውስጥ የተያዘ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ኮሚሽነር ፊት ይቀርባል፤ ይህ የፖሊስ ኮሚሽነር ሳይሆን ስለ ዋስትናው የሚወስን የፍርድ ቤት ሹም ነው። ስለዚህ ልጅዎ በተያዘበት ካውንቲ እስር ቤት ይደውሉ፤ ስሙንና የልደት ቀኑን ይንገሩ፣ “አማሪክ ኢንተርፕሪተር” ብለው ይጠይቁ። የታሰረ ሰው የት እንዳለ በሚያሳውቀው ቫይን (VINE) በሚባል ነፃ አገልግሎትም በስሙ መፈለግ ይቻላል። ፍርድ ቤት ሲቀርብ አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣል፣ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌለውም የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ አለ።

ሲደውልልዎት ስለተፈጠረው ነገር በስልክ አያስወሩት፤ ስልኩ ይቀዳል። ጤንነቱን ይጠይቁት፣ የዋስትናውን ነገርና የቀጠሮውን ቀን ይጻፉ። ዜግነት ከሌለውና ካውንቲው “የለም፣ ወጥቷል” ካለዎት በአይስ (ICE)፣ ማለትም ሰው በሚይዘው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ የኢንተርኔት መፈለጊያ ይዩት። እዚያ የሚፈልገው ግሪን ካርዱ ላይ ያለውን የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥር (ኤ-ነምበር) እና የትውልድ አገሩን ነው፣ ስለዚህ የካርዱን ኮፒ ከቤት ፈልገው አጠገብዎ ያስቀምጡ።