ቅጠሉስ አረንጓዴ ነው፤ ምድጃውስ?

ከሰሜን ሸዋ የደረሱኝ ሦስት ጥያቄዎች እነሆ።

«ለመመረቂያዬ ዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት (በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት) በግራዋ ቅጠል ልሠራ ነው። ቅጠሉ በትክክል ምን ያደርጋል?» (ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)

ወንድሜ፣ ብዙ ቦታ «ቅጠሉ ዚንኩን ሪዱስ ያደርጋል»፣ ማለትም ኤሌክትሮን ይሰጠዋል፣ ሲባል ታነባለህ። ለብር ልክ ነው፣ ለዚንክ ኦክሳይድ ግን አይደለም። ዚንኩ ሲገባም ሲወጣም ሙሌቱ (ቻርጁ) ፕላስ ሁለት ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ፊኖልና ፍላቮኖይድ የሚባሉ ውህዶች ዚንኩን ይይዙታል፣ ቅንጣቶቹንም ከበው እንዳይጣበቁ ያደርጋሉ።

የግራዋውን ፍል አጥልለህ ዚንክ ናይትሬት ጨምረህ ስታተነው ቡናማ ሊጥ መሰል ነገር ይሆናል። ምድጃ ውስጥ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ይቃጠልና ዱቄት ይወጣዋል። ዱቄቱ ትኩስ እያለ ቢጫ ቢሆንብህ እንዳትደነግጥ፤ ሲቀዘቅዝ እያየኸው ይነጣል። ጠባዩ ነው።

አደራ የምልህ ግን ስለ ጋዙ ነው። ናይትሬት ሲቃጠል ቡናማ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ሳንባ ይጎዳል። ያለ ጋዝ መሳቢያ እንዳትሞክረው። በዚንክ አሲቴት ብትሠራ ይሄ ጋዝ አይኖርም። ቅጠል ስለገባበት ብቻ ሥራው «አረንጓዴ» አይባልም፤ ምድጃው የሚበላውን መብራትም ጻፍ። ቅጠሉን የት፣ በየትኛው ወር እንደቀጠፍከው መዝግብ። የሸዋ ሮቢትና የአንኮበር ግራዋ ውስጡ አንድ ላይሆን ይችላል።

«ዚንክ ኦክሳይድ የፋብሪካ ቀለም ፍሳሽ ያጠራል ይባላል። እውነት ነው?» (ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን)

እውነት ነው፣ ግን ብቻውን አይችለውም። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኑ ከቦታው ይነሣል። እሱና የተወው ክፍት ቦታ ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ተገናኝተው ቀለሙን የሚሰባብሩ ኃይለኛ ቅንጣቶች ይፈጥራሉ። ይህን በብርሃን የማሠራት ዘርፍ ያነቃቃው ጃፓናውያኑ ተመራማሪዎች ፉጂሺማና ሆንዳ በ1972 እ.ኤ.አ. ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በሚባል ተመሳሳይ ቁስ ላይ ያሳተሙት ሥራ ነው።

ችግሩ ዚንክ ኦክሳይድ አልትራቫዮሌት የሚባለውን፣ ዓይን የማያየውን ብርሃን ይፈልጋል። ያ ደግሞ ከፀሐይ ጉልበት 5 በመቶ ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ስለሆነች ትንሽ ይበዛላታል። ጥቁር ፍሳሽ ውስጥ ግን ብርሃኑ አይገባም፤ ስለዚህ ቦታው ከሌላው ማጣሪያ በኋላ ነው። ቀለሙ ጠፋ ማለትም መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ዱቄቱም ተለቅሞ ካልወጣ ወንዝ ላይ ሌላ ጣጣ ነው፤ ዚንክ ዓሣ ይጎዳል።

«ልጄ ስለዚህ ዱቄት ነገረኝ። ምንጭ ውሃችን ላይ ብጨምረውስ?» (እናት፣ መንዝ)

እናቴ፣ በፍጹም አይጨምሩ። የሚጠጣ ውሃ ላይ የሚበተን ነገር አይደለም። ጀርሞችን ለመግደል ፀሐዩን ግን ያለ ዱቄትም ይጠቀሙበት። ውሃው ከደፈረሰ ያጥልሉት፣ ከዚያ ቀለም በሌለው ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው ፀሐይ ላይ ለ6 ሰዓታት ያስተኙት። ሰማዩ ከደመነ ሁለት ቀን ይተዉት።