ጉበት ላይ ቦታ የማይለቅ ጥቁር መስመር

ከሐረር የጻፉልን የአልትራሳውንድ ባለሙያ ጥያቄያቸው በአጭሩ ይህ ነው፦ ጉበት ሲያዩ ከምስሉ አናት የሚነሳ ጥቁር መስመር ይታያቸዋል። ታካሚ ቢቀየርም ቦታውን አይለቅም፤ ኬብሉ ሲነካካ ግን አንዳንዴ ይጠፋል። ዕጢ እንዳያመልጣቸው፣ በቀኝ ሳንባ ግርጌም ፈሳሽ ሳይኖር «ፈሳሽ አለ» ብለው እንዳይጽፉ ሰግተዋል። አንድ ጠጋኝ የማሽኑን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አይቶ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ብሏቸዋል።

እኔ ቦርዱን አልጠረጥርም። ኬብል ሲነካ የሚጠፋ መስመር አብዛኛውን ጊዜ የፕሮቡ፣ ማለትም በኬብል ከማሽኑ ጋር ተያይዞ ቆዳ ላይ የሚያርፈው መሣሪያ፣ ችግር ነው፤ የማሽኑ ጎማ ደጋግሞ የሄደበት ኬብል በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች ተበጥሰው ይሆናል። በላኩልኝ ፎቶ ላይ ደግሞ ኬብሉ በናስትሮ ተጠቅልሎ አየሁ። ይህ ጥገና አይደለም፤ የተላጠ ልባስን መደበቅ ነው። የኬብሉ ልባስ ወይም የፕሮቡ ፊት የተሰነጠቀ ከሆነ ፕሮቡን ታካሚ ላይ አያሳርፉ፤ በፕሮቡ ውስጥ የድምፅ ሞገድ የሚልኩትንና የሚቀበሉትን ክሪስታሎች የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ በጄሉ በኩል ወደ ሰው ሊሻገር ይችላል።

ስለዚህ ፍተሻው ያለ ታካሚ ይሁን። ጓንት አድርገው የፕሮቡን ፊት ጄል ይቀቡና የተዘረጋ የወረቀት ክሊፕ ከፊቱ ርዝመት ጋር መስቀለኛ አስቀምጠው ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለው ይጎትቱት። ከክሊፑ ሥር ተደራራቢ ብሩህ መስመሮች ይወጣሉ፤ ክሊፑ የሞተ ክሪስታል ላይ ሲደርስ ይደበዝዛሉ ወይም ይጠፋሉ። ከዚያ ማሽኑን አጥፍተው፣ የኮኔክተሩ (የኬብሉ መሰኪያ) ፒን አለመታጠፉን አይተው፣ ፕሮቡን በማሽኑ ሌላ ሶኬት ይሰኩት። መስመሩ አብሮ ከሄደ ችግሩ ከሶኬቱ ሳይሆን ከፕሮቡ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር ስላለ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሆድ ፕሮብ ፊት ላይ ብዙ ጊዜ 128 ያህል ክሪስታሎች ተደርድረዋል። ማሽኑ አንዱን ለብቻው አያሠራም፤ ለቆዳ ቅርብ ለሆነው ምስል ጥቂት ጎረቤታሞችን፣ ለጥልቁ ደግሞ ብዙዎቹን በአንድነት ያስተባብራል። ጥቂቶቹ ሲሞቱ የላይኛው ክፍል ይጠቁራል፤ ወደ ታች ሲወረድ ግን ሌሎቹ ክፍተቱን ስለሚሸፍኑት መስመሩ እየደበዘዘ ይሄዳል። «ጥልቁ ክፍል ደህና ነው» የሚባለው ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው። ጥቁሩ መስመር እዚያ ባይታይም የድምፅ ሞገዱ በሚገባ መሰብሰብ ተስኖታል፤ አነስተኛ ዕጢም ከዙሪያው የጉበት ሥጋ ሳይለይ ሊቀር ይችላል።

ኬብሉ ብቻ ከተበላሸ ፕሮብ የሚጠግን ወርክሾፕ ይቀይረዋል። ክሪስታሎቹ ከሞቱ ግን ሌላ ፕሮብ ያስፈልጋል፤ እዚህ ድሬዳዋ እንደሚመጡልኝ ርካሽ ፕሮቦች ሞዴሉ ሳይጣራ፣ በክሊፕ ሳይፈተሽ አይግዙ። ተጠግኖ የመጣውም ኤሌክትሪክ ወደ ውጭ እንደማያፈስ በልኬት ሳይረጋገጥለት፣ ደግሜ እላለሁ፣ ታካሚ አይንካ።

መስመሩ ከታየ ወዲህ ጉበታቸው የታየላቸውን ሰዎች መዝገብ አውጥተው ለሐኪሞቹ ያሳውቁ፤ በደህና ፕሮብ እንደገና ይታዩ፣ ዕጢ የተጠረጠረባቸው ደግሞ ለሲቲ ስካን ይላኩ።