በቃል ይመልሳል፣ ሲያነብ ግን ይጠፋበታል
የመምህራን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። አንድ ተማሪዬ በቃል ስጠይቀው ከሁሉም ቀድሞ ይመልሳል። አንብብ ሲባል ግን ፊደል ይለቅማል፤ የፈተና ወረቀቱንም ግማሽ በግማሽ ባዶ ያስረክባል። ወላጆቹ «ሰነፍ ነው» ይላሉ፤ እኔም አንዳንዴ ያጠራጥረኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሰነፍ ቢሆን በቃልም ባልመለሰ ነበር። ከሁሉ በፊት ዐይኑና ጆሮው ይመርመሩ። ከሰሌዳ ሲገለብጥ እየተሳሳተ ከደብተር ሲገለብጥ ግን የማይሳሳት ልጅ ምናልባት ከሩቅ አያይም። ከጀርባው ሲጠሩት የማይዞር ደግሞ የመስማት ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ልጁን ለብቻው አስቀምጠው ሦስት ነገር ይሞክሩ።

በመጀመሪያ ከዚህ በፊት ያላየውን የክፍሉን ደረጃ ጽሑፍ ለ1 ደቂቃ ጮክ ብሎ ያንብብ። እርስዎ ሳያርሙት ስህተቱን በራስዎ ቅጂ ላይ ምልክት ያድርጉ። ከስህተቱ ብዛት ይልቅ ዓይነቱ ይነግርዎታል። «ተ»ን «ቸ»፣ «ነ»ን «ኘ» የሚል ከሆነ የፊደሉ መልክ ተምታቶበታል፤ ተመሳሳዮቹን በአንድ ቀን አያስተምሩት፣ አንዱ ሳይጸና ሌላው አይምጣ። «ቡ»ን «ቢ» የሚል ከሆነ ግን ፊደሉን ያውቃል፣ የጠፋበት ቅጥያው ነው፦ የካዕቡ ምልክት ወገብ ላይ፣ የሣልሱ እግር ላይ መሆኑን አላስተዋለም። ለዚህኛው «ቡ፣ ሉ፣ ሙ» እያሉ በአንድ ረድፍ ወደ ታች ማስነበብ ይረዳል። ሀ ሁን በዜማ ማስወረድ አይረዳውም። ዜማውን የያዘ ልጅ ፊደሉን የያዘ ይመስላል፤ ከመካከል አንዱን ነጥለው ሲጠይቁት ያን ጊዜ ይታወቃል። ጽሑፋችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ስለማይለይ «አለ»ን አጥብቆ ወይም አላልቶ ቢያነብ እንደ ስህተት አይቁጠሩበት።

ቀጥሎ መጽሐፉን ይዝጉ። «ሰላም ከሚለው ላይ ሰ ቢነሳ ምን ይቀራል?» ይበሉት። «ላም» ማለት ካቃተው፣ በሌሎች አምስት ስድስት ቃላትም እንዲሁ ከሆነ፣ ችግሩ ዐይኑ ላይ ሳይሆን የቃሉን ድምፅ መነጣጠሉ ላይ ነው። ይህ ከዲስሌክሲያ (ማንበብና መጻፍ መማርን ከሚያከብድ ችግር) ዋና ምልክቶች አንዱ ነው፤ ስሙን ግን እርስዎ አይስጡት፣ የባለሙያ ሥራ ነው።

በመጨረሻ ሌላ ጽሑፍ እርስዎ አንብበውለት 5 ጥያቄ ይጠይቁት። 4ቱን ከመለሰ የመረዳት ችግር የለበትም፤ ወላጆቹንም በዚህ ያሳምኗቸዋል።

እርዳታው በሳምንት 4 ቀን፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ ይሁን፤ ተመሳሳይ ስህተት ያለባቸውን ሦስት አራት ልጆች አብረው ይያዙ። በየሳምንቱ በአንድ ቀን የ1 ደቂቃውን ንባብ በአዲስ ግን በእኩል ደረጃ ጽሑፍ ደግመው በትክክል የተነበቡትን ቃላት ይመዝግቡ። 8 ሳምንት ሞልቶ ቁጥሩ ካልጨመረ ወረቀቶቹን ይዘው ወደ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ይላኩት። እስከዚያው የሒሳብና የሳይንስ ጥያቄ ይነበብለት፣ መልሱን በቃል ይስጥ፣ ከፈተናው ሰዓት ሩብ ያህል ይጨመርለት። የንባብ ፈተናን ግን አያንብቡለት፤ ያኔ የሚለኩት ማዳመጡን ነው። ክፍሉ ፊት ሳይዘጋጅ ማስነበብም፣ የተሳሳተውን ቃል 50 ጊዜ ማስጻፍም ይቅር። የመጀመሪያውን አሳስቶ ከጻፈ 49ኙም ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ አንዲት ተማሪዬ የክፍል ሥራዋን በ5 ደቂቃ ጨርሳ ሌላውን ትረብሻለች። ተጨማሪ ጥያቄ ስሰጣት ታኮርፋለች።

መልስ፦ ብታኮርፍ አይፈረድባትም፤ ፈጥና በመጨረሷ ሥራ ተጨመረባት። የክፍል ሥራው 20 ጥያቄ ቢሆን በጣም ከባዶቹን 5 ይምረጡና ለመላው ክፍል «እነዚህን አስቀድሞ ሠርቶ 4ቱን ያገኘ ከቀሪው ነፃ ነው» ይበሉ። የምትፈልገው ክብደት እንጂ ብዛት አይደለም። በተረፋት ጊዜ «መልሱ 3/4 የሚሆን፣ ሁለት ስሌት የሚጠይቅ ጥያቄ አውጪ» ቢሏት የክፍልፋይን ምዕራፍ ጠለቅ ብላ ታየዋለች። ሁልጊዜ ደካሞችን እንድታስጠና ማድረግ ግን የእርስዎን ሥራ ለእሷ መስጠት ነው። ደብተሯንም ይመልከቱ፤ በቃል እየበለጠች ከአንድ መስመር በላይ የማትጽፍ ከሆነ ከላይ ያለው መልስ ለእሷም ነው። ጎበዝ መሆኗ የንባብ ችግሯን ሊሸፍነው ይችላል።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼን በማየት፣ በመስማትና በመንካት የሚማሩ ብዬ ልከፋፍላቸው?

መልስ፦ አይክፈሏቸው። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ እንዲህ ያለው ክፍፍል ትምህርትን እንደሚያሻሽል በቂ ማስረጃ አላገኘም። ሥዕልና ንግግርን አቀናጅቶ ማስተማር ለሁሉም ይጠቅማል፤ ካርታ በወሬ አይማሩትም፣ ዜማም በሥዕል።