ለ7 ዓመት ልጅ የኪስ ገንዘብ ይሰጠዋል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ የ7 ዓመቱ ልጅሽ ሱቅ በገባችሁ ቁጥር ያየውን ሁሉ ግዢልኝ እያለ እንደሚያለቅስ ጽፈሻል። የኪስ ገንዘብ ብሰጠው ይማርበታል ወይስ ይባልግብኛል ነው ጥያቄሽ። ስጪው እላለሁ። ግን ከገንዘቡ በፊት የሚቀድም ነገር አለ።

«ገንዘብ የለኝም» የሚለውን መልስ ተይው። ልጁ ዝም እንዲልልን ብለን እንላለን፣ ትንሽ ቆይተን ሒሳብ ስንከፍል ደግሞ ገንዘቡ ከቦርሳችን ሲወጣ ያያል። ከዚያ የሚይዘው ነገር «እያላት ነው የከለከለችኝ፣ ጠንከር አድርጌ ካለቀስኩ ታወጣለች» የሚል ነው። እውነቱን ንገሪው፦ «ገንዘብ አለ፤ ግን ለሳሙናና ለደብተር የያዝነው ነው።» ከቤት ሳትወጡ የምትገዙትን አብራችሁ ጻፉ፤ ወረቀቱን እሱ ይያዝና የተገዛውን እየሰረዘ ይሂድ። እኛ ቤት ለቅሶውን የቀነሰው ይሄ ነው። ወረቀቱን የያዘ ልጅ ራሱ «ይሄ እዚህ ላይ የለም» ማለት ይጀምራል።

የኪስ ገንዘቡ ትንሽ ይሁን፤ ቀኑ ግን አይዛነፍ። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። ሴለስት ኪድ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተመችው ጥናት አለ። ትንንሽ ልጆችን ለሁለት ከፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን አዋቂው «የተሻለ ቀለም አመጣላችኋለሁ» ብሎ አመጣ፤ ለሌላው ቃል ገብቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ቀጥሎ ሁሉም ፊት አንዳንድ ጣፋጭ ተቀመጠና ሳይበላ የጠበቀ ሁለት እንደሚያገኝ ተነገረ። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ታገሱ፤ ቃል የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ ያህል ብቻ። ምን ያድርጉ? የማይመጣ ነገር ለምን ይጠብቃሉ? ስለዚህ «ልጄ መቆጠብ አይችልም» ከማለታችን በፊት ዘመድ የሰጠውን ገንዘብ «እኔ ላስቀምጥልህ» ብለን ከተቀበልን በኋላ የት እንደገባ ራሳችንን እንጠይቅ። ከልጅ የተበደርሽ እንደሆነ በቀኑ መልሺ፣ እጁ ላይ ቆጥረሽ።

ማስቀመጫው ውስጡ የሚያሳይ ይሁን፤ ሲሞላ ማየት አለበት። ልጄ ትንሽ ሳለች ያጠራቀመችውን ሳንቲም ወስጄ በአንድ ወረቀት ገንዘብ ቀየርኩላት። ወረቀቱን ገልብጣ አየችው፣ ባዶውን ብልቃጥ አየችና «የቀረውስ?» አለችኝ። ሳንቲሙን መልሼ አፈሰስኩና በአሥር በአሥር ደርድረን አንድ ላይ ቆጠርን፤ ያኔ ነው የገባት። በስልክ የሚከፈለውማ ለልጅ ጭራሽ አይታይም። ከመክፈልሽ በፊት የነበረውን ቀሪ ሒሳብ፣ ከከፈልሽ በኋላ ደግሞ የቀረውን አሳዪው።

ቤት ውስጥ ለሚያግዘው ሥራ ይከፈለው ወይ ለሚለው፣ እኔ አልጋ ለማንጠፍና ሳህን ለማንሳት አልከፍልም። እዚህ ቤት የሚኖር ሰው ሁሉ የሚሠራው ነውና። ከዚያ ያለፈ ከባድ ሥራ ከሆነ ግን ተስማምቶ መክፈል ጥሩ ነው።

ለ13 ዓመቷ ልጅሽ ደግሞ 72ን ለወለድ መጠን ማካፈልን አስተምሪያት፤ የሚወጣው ቁጥር ገንዘቡ በስንት ዓመት ገደማ እጥፍ እንደሚሆን ይነግራታል። ዓመታዊ ወለዱ 6 በመቶ ከሆነ ወለዱ ሳይነካ የተቀመጠ ገንዘብ በ12 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዋጋ በየዓመቱ 12 በመቶ ከጨመረ ደግሞ የዕቃው ዋጋ በ6 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ስታሰላ ቁጠባ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ራሷ ትደርስበታለች። ዕዳም በዚሁ ስሌት ነው የሚያድገው።

የትንሹ ገንዘብ በማይረባ መጫወቻ ያልቃል፣ መጫወቻውም በማግስቱ ይሰበራል። ይሁን። ተጨማሪ አትስጪው፣ «ነግሬህ ነበር» ብለሽም አታሸማቅቂው። የሚቀጥለው ቀን ሲደርስ የተለመደውን ስጪው። ሱቅ ውስጥ ግዢልኝ ሲልሽም «ከራስህ ገንዘብ ትገዛዋለህ?» ብለሽ ጠይቂውና እስኪወስን ቆመሽ ጠብቂው።